ከእማማ ያልጋነሽ ስልክ ላይ የጠፋው ብራውዘር

መርዶ ሥርዓት አለው። በእኛ ዘንድ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሐዘንተኛዋ ወድቃ እንዳትጎዳ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች ተመርጠው። እኔ ግን አንዲት እናት የወንድማቸውን መርዶ ከስልክ እንዲሰሙ አደረግሁ፤ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ፣ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አጠገባቸው ሳይኖር። ይህስ ሳላውቅ ያደረግሁት ነው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከዚያ ወዲያ ማድረግ ሲገባኝ ያላደረግሁት ነገር ነው። ሁለቱንም በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

ያን ጊዜ ከሠራዊት ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ከአሽዶድ ወደብ አጠገብ ባለ ማህሳን፣ ማለትም ዕቃ ማከማቻ፣ ውስጥ የሳጥኖችን ጽሑፍ እያነበብሁ በየመደርደሪያው አስቀምጥ ነበር። እናቴ የእህቴን ልጆች ልታሳድግ ወደ ሰሜን ሄዳ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ካለው አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ስልክ መጠገን ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ሊጥለው የነበረውን ስልክ ተቀብዬ ፈታሁት፤ መልሼ ስገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈች። ስልኩ ያለ እሷም ይሠራ ነበር። እኔ ግን ቦታዋን እስካገኝላት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠባዬ እንዲህ ነው። ብዙ አልናገርም። ሰው ሲያወራኝ ከፊቱ ይልቅ በእጁ የያዘውን ዕቃ አያለሁ። ለአንድ ነገር «ተሠርቷል» የምለው ራሴ ከፍቼ፣ ነክቼ፣ ሰምቼ ካረጋገጥሁ ብቻ ነው። በዚህም እኮራ ነበር።

እማማ ያልጋነሽ ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጃቸው ከራሔል ጋር ይኖሩ ነበር። በሱዳን በኩል በእግራቸው ከመጡት ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው አያሌው ግን ያኔ አብሮ አልወጣም፤ የታመሙ አባታቸውን ሊጠብቅ ቀረ። አባታቸው ሲሞቱ ጎንደር ከተማ ገብቶ ከሚጠባበቁት ጋር መጠባበቅ ጀመረ። «ዘንድሮ እመጣለሁ» ይላል በየዓመቱ። እማማም በየዓመቱ ለእሱ የሚሆን አዲስ ፍራሽ፣ ገና ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ስለ እሱ ሲያወሩ «ልጁ» ነበር የሚሉት። ጸጉሩ ሸብቶም ልጁ ነው።

ለእኔ ደግሞ ደግ ነበሩ። «ብቻውን የሚያድር ወንድ የሰንበት ዳቦ ከየት ያመጣል?» እያሉ ሰንበት በመጣ ቁጥር ከዳቧቸው ቆርሰው ያስቀምጡልኛል። ቅዳሜ፣ በሰንበት ጠዋት፣ ወጥቼ እወስዳለሁ፤ ጥቂት ተቀምጬ እወርዳለሁ። ነገራችን ይኸው ነበር።

ታሪኩ የጀመረው አንድ ዐርብ ቀን ነው። ዐርብ ሥራ በጊዜ ያልቃል። ደረጃውን ስወጣ እማማ ከላይ መደገፊያውን ይዘው ጠሩኝ።

«መልካሙ! መልኬ! አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ምን ሆኑ?»

«ና እስቲ ውጣ። ሬዲዮዬ ጠፋብኝ።»

ዓይናቸው ላይ ጥቁር ሰፊ መነጽር አድርገው ነበር። በዚያ ሳምንት የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፍፎላቸዋል። ሐኪሙ እንዳያሹት፣ እንዳያጎነብሱ፣ እንዳያለቅሱ አስጠንቅቋቸዋል። ይህን መላው ሕንፃ ያውቃል፤ ራሔል በየበሩ እየዞረች «እናቴን አታስቁ፣ አታስለቅሱ» ብላ ነበርና።

ሬዲዮ የሚሉት ስልካቸውን ነው። እማማ ፊደል አይለዩም፤ ነገር ግን ራሔል አንዲት ምስል አሳይታቸዋለች፦ ክብ የዓለም ካርታ የምትመስል። እሷ ብራውዘሩ ናት፤ ኢንተርኔት የሚከፈትባት። እሷን ሲነኩ ሌላ ነገር ሳይጠየቁ የአማርኛው ሬዲዮ ገጽ ይመጣል፤ የየቀኑ ዝግጅት በተራ ተደርድሯል፤ ላይኛውን ሲነኩ ይናገራል። ዜና አለ፣ ምክር አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያረፉ ሰዎች ስም ይነበባል። እማማ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ይሰማሉ።

በረንዳው ላይ በፕላስቲክ ወንበር አስቀመጡኝና ስልኩን ሰጡኝ።

«ያች ክብ የለችም» አሉ። «ከረቡዕ ጀምሮ የለችም። ራሔልን ብጠይቃት ‹ተበላሽቷል እማ፣ ሌላ ቀን› ትላለች። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን! ዓይኔ ታሽጎ፣ ጆሮዬም ታሽጎ ምን ልሁን?»

«የቤቱ ስልክስ?»

«እሱም ሞቷል። ሁሉም ባንድ ሳምንት።»

ከሳሎኑ ጥግ ያለውን የቤት ስልክ በመስኮቱ አየሁት። ሽቦው ከግድግዳው ተነቅሎ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የተበላሸ ስልክ ሽቦ ማንም አይጠቀልልም። ይህን አየሁ። አየሁና አለፍሁ።

የእማማን ስልክ ገልጬ ፈተሽሁ። ምስሏ ከፊት ገጹም፣ ከሁሉም አፖች መደርደሪያም የለችም። አዲስ ላውርድ ብዬ አሰብሁ፤ ግን ሲገዛ ጀምሮ በስልኩ ውስጥ የነበረ ነገር ዝም ብሎ አይጠፋም። ወደ ማስተካከያው ገባሁ፤ ከዚያ ወደ አፖች ዝርዝር፤ ወደ ታች፣ ወደ መጨረሻው ወረድሁ። አገኘሁት። ስሙ ደብዝዞ፣ ከጎኑ በዕብራይስጥ «ተሰናክሏል» ተብሎ ተጽፏል።

ስልክ ይህን በራሱ አያደርግም። አንድ ሰው እዚህ ድረስ ገብቶ፣ «አሰናክል» የሚለውን ነክቶ፣ ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ» ብሎ መሆን አለበት። ይህንንም ገና በዚያች ቅጽበት አውቄአለሁ። እንዴት እንደተደበቀ ሳውቅ ደስ አለኝ። ለምን እንደተደበቀ ግን አልጠየቅሁም።

«አገኘኸው?» አሉ እማማ።

«አገኘሁት።»

«እኔስ ምን ብያለሁ! ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፤ እነዚህን ነው ስታቅፍ የምትውለው፤ እንዴት ይጠፋሃል?»

«አንቃ» የሚለውን ነካሁ። ክቧ ምስል ተመለሰች። ወደ ፊት ገጹ አምጥቼ የድሮ ቦታዋ ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ አውራ ጣታቸው ከለመደው ስፍራ አኖርኋት። ነካኋት። የሬዲዮው ገጽ መጣ። እዚህ ላይ ስልኩን ሰጥቻቸው መውረድ እችል ነበር። እኔ ግን ድምፁ መሥራቱን ሳላረጋግጥ አልሄድም።

«የትኛውን ልክፈትልዎ?»

«ያመለጠኝን። ከረቡዕ ጀምር።»

የረቡዕን ነካሁ። ድምፁ አነስ ስላለብኝ ከፍ አደረግሁት። ዜናውን ሰማን። አንድ ሰውዬ ስለ ስኳር በሽታ ሲመክር እማማ «እሱ ራሱ መች ስኳር ተወ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዜማው ተለወጠ፤ ያረፉት ሰዎች ስም መነበብ ጀመረ። እማማ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ሁልጊዜ ለሞተ ሰው እንደዚያ ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ስም የአያሌው ነበር። አንባቢው ጎንደር ከተማ ማረፉን ተናገረ። የልጆቹን ስም ጠራ። ከዚያ አንባቢው ድምፁን ሳይለውጥ፣ «በአሽዶድ ለሚኖሩት እህታቸው ለወይዘሮ ያልጋነሽ መጽናናትን እንመኛለን» አለና ወደ ሦስተኛው ስም አለፈ።

እጄ ስልኩ ላይ ነበር። ማጥፋት እችል ነበር። ሦስተኛው ስም ተነበበ፤ አራተኛውም።

«ዝጋው» አሉ እማማ።

ዘጋሁት። ከታች መንገድ ላይ ለሰንበት የሚቻኮሉ ሰዎች ድምፅ፣ የአውቶቡስ በር ሲከፈት የሚያሰማው ትንፋሽ ይሰማል።

«ስሜን ጠራ?»

«ጠራ እማማ።»

«እንግዲያ እውነት ነው።»

ከመነጽሩ ሥር ዕንባቸው ወረደ። አገጫቸው ላይ ደርሶ ነጠላቸው ላይ ተንጠባጠበ። አልጠረጉትም። እጃቸው ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ሁለቴም መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«አትንኪ ብሎኛል» አሉ። «ሐኪሙ አትንኪ ብሎኛል።»

አንዲት የጎንደር እናት ወንድሟ ሞቶ እንዲህ ዝም ብላ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። ድምፅ የለም። ደረት መምታት የለም። ወንበሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ ምን አደረግሁ? ስልኩን አየሁ። እጃቸውን እንኳ አልያዝሁም።

እማማ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ራሔል ታውቃለች ማለት ነው።»

«እሷ ሳትሆን አትቀርም የደበቀችው» አልሁ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፦ የተጠቀለለው ሽቦ፣ «ሌላ ቀን» የሚለው፣ «አታስለቅሱ» የሚለው።

«አዎ። ዓይኔ እስኪድን ነው። ሽማግሌ ለምና ይሆናል። ዘመድ ከየከተማው ጠርታ ይሆናል። የኔ ልጅ… ስንት ቀን ብቻዋን ችላ፣ እየሳቀች ጠብታ ታደርግልኛለች።» ዞር ብለው አዩኝ። «መልኬ፣ ያችን ክብ መልሰህ ደብቃት።»

«ምን?»

«እንደነበረችው አድርጋት። እኔ ከሬዲዮ ሰማሁ ብል ያች ልጅ ዕድሜ ልኳን ‹እናቴ ሰው ሳላቆምላት መርዶ ሰማች› እያለች ትኖራለች። ይንገሩኝ። እንደ ወጉ ይንገሩኝ። እስከዚያ እኔ እይዘዋለሁ።»

«እማማ፣ እንዴት ብለው…»

«ብቻዬን አይደለሁ፤ አንተ ታውቃለህ። ሁለት ሆነን እንይዘዋለን። በል ደብቃት፣ ልትመጣ ነው።»

ወደ ዝርዝሩ ገባሁ። «አሰናክል» የሚለውን ነካሁ። ስልኩ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። ክቧ ጠፋች። እማማ ወደ ውስጥ ገብተው ፊታቸውን ሳይሆን አገጫቸውን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገው ተመለሱ። ወዲያው የበሩ ቁልፍ ሲዞር ሰማን።

ራሔል ሁለት ከረጢት ተሸክማ ገባች። ስልኩን እጄ ላይ ስታይ ቆመች። ፊቷ እንዴት እንደሆነ አልረሳውም።

«ምን ትሠራላችሁ?»

«ሬዲዮዬን እንዲሠራ ጠርቼው» አሉ እማማ። ድምፃቸው አልተሰበረም። «አቃተው! ይኸ ሁሉ ወሬ፣ ‹መልካሙ ያውቃል፣ መልካሙ ያውቃል›፤ አንዲት ክብ ማግኘት አቃተው።»

ራሔል ከረጢቶቹን መሬት አስቀመጠች። «ባሩክ ሃሼም» አለች፤ ፈጣሪ ይመስገን ማለቷ ነው። ያመለጣት ቃል ነበር፤ ቶሎ ብላ ሳቀችበት። «ባሩክ ሃሼም፣ እሱም የማይችለው ነገር አለ! እኛ እኮ እዚህ ሕንፃ ላይ መሐንዲስ ያለን መስሎን ነበር።»

ሰው በሥራዬ ሲስቅብኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ራሴን ዝቅ አድርጌ «አልገኝ አለኝ» አልሁ።

ስወጣ እማማ ከኋላዬ «ነገ ዳቦህን ውሰድ እሺ? እንዳትቀር» አሉ።

«እሺ እማማ።»

ራሔል በሩን ዘግታ እስከ ደረጃው ተከተለችኝ። ክንዴን ይዛ በሹክሹክታ፣ አንዴ በዕብራይስጥ አንዴ በአማርኛ፣ ሁሉን ነገረችኝ። አጎቷ እንደሞተ። ሐኪሙ ሳምንት ይሙላት እንዳለ። ሳምንቱ በሰንበት እንደሚሞላ፤ እሑድ ጎህ ሲቀድ መርዶው እንደሚነገር። ሌላ ከተማ ያሉ ዘመዶች ለእማማ ተነግሯቸዋል ብለው ስማቸውን ለሬዲዮው እንደሰጡ።

«ያልሠራኸው እግዜር አይቶልኝ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የደበቅሁት። ብትከፍተው ኖሮ፣ መልካሙ፣ ብትከፍተው ኖሮ ምን እሆን ነበር? ዓይኗስ? እግዚአብሔር ይስጥህ።»

«አሜን» አልሁ።

«እሑድ ከሚክላቱ ወንበር ታወጣልኛለህ?» ሚክላት የምትለው ከሕንፃው ሥር ያለውን መጠለያ ነው፤ ትርፍ ወንበሮች እዚያ ናቸው።

«አወጣለሁ።»

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ደረስሁ። ሰንበት ጠዋት ተነሥቼ ታጠብሁ፣ ነጭ ሸሚዜን ለበስሁ። በሩን ከፍቼ ደረጃው ላይ ቆምሁ። ከላይ የእማማ የቤት ጫማ ወለሉን ሲጠርግ ይሰማኛል፤ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን። ራሔል በዚያ ሰዓት ምኩራብ እንደምትሄድ አውቃለሁ። እማማ ብቻቸውን ናቸው። «ሁለት ሆነን እንይዘዋለን» ብለውኛል።

ሰበብ አላጣሁም። ራሔል ብትመጣና ፊቴን ብታየውስ? ሳላስበው አንድ ቃል ቢያመልጠኝስ? ምንስ እላቸዋለሁ? እኔ ማጽናናት አላውቅም፤ የተበላሸ ነገር ነው የማውቀው፣ ይኸ ደግሞ አይጠገንም። እንዲህ እንዲህ እያልሁ በሩን መልሼ ዘጋሁት። ከሰዓት በኋላ ጫማው ቆመ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማኝም።

እሑድ ገና ሳይነጋ ወንበሮቹን አወጣሁ። ሰው በጸጥታ ደረጃውን ሞላው፤ ከሮቫ ሔት የመጡ ዘመዶች፣ ነጭ የጠመጠሙ ቄስ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ራሔል ከፊት ሆና አንኳኳች፤ ቁልፍ ይዛ ሳለ አንኳኳች። እማማ ወዲያው ከፈቱ። ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው ነበር። ይህን ያስተዋለ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

«ያልጋነሽ፣ እንደምን አደርሽ» አሉ ቄሱ። «በጠዋት መጣንብሽ። ተቀመጪ እህቴ።»

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟቸው። እማማ ከመቀመጣቸው በፊት በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፊታቸውን አዞሩ፤ የሚፈልጉት ሰው እንዳለ ሁሉ። በጥቁሩ መነጽር ውስጥ ዓይናቸው አይታይም። ግን እኔን ነበር የሚፈልጉት፤ አገኙኝም። እኔ የወንበር እግር አየሁ። አንደኛው እግር ተሰንጥቆ ነበር፤ እሱን አየሁ።

«ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው» አሉ ቄሱ። «ወንድምሽ አያሌው መንገዱን ጨርሷል።»

እማማ ጮኹ። ያስመሰሉ መስሎኝ ነበር፤ ማስመሰል አልነበረም። ያ ጩኸት ከዐርብ ጀምሮ ጉሮሯቸው ሥር ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ነው። «መጣሁ መጣሁ ባዩ ወንድሜ! ፍራሽህን ማን ይተኛበት!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ራሔል እጃቸው ወደ ዓይናቸው እንዳይሄድ ተንበርክካ ይዛቸው ነበር። እጃቸው ግን አንዴም ወደ ዓይናቸው አልሄደም። ተለማምደውታል።

ዓይናቸው ዳነ። ይህንን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

የሐዘኑ ሳምንት ሲያልቅ ራሔል ጠራችኝ። እማማ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ራሔል ስልኩን ይዛ በፈገግታ፣ «ና ላሳይህ፤ መሐንዲሱ ያቃተውን» አለች። ወደ ማስተካከያው ገባች፤ ወደ አፖቹ ዝርዝር ወረደች። «አየህ? እስከ ታች መውረድ ነው። እዚህ ነው የሚተኛው።» እኔም አንገቴን አስግጌ እንደ አዲስ ተማሪ «እ… እዚህ ነው እንዴ?» አልሁ። ክቧ ተመለሰች። ራሔል ሻይ ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እማማ ሲያዩን ነበር። መነጽሩን አውልቀዋል። ዓይናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ እኔ ላይ አረፈ።

«ሰንበት ጠበቅሁህ» አሉ በዝግታ። «ዳቦህን አስቀምጬልህ ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታ እማማ» ማለት ፈለግሁ፤ ራሔል ብርጭቆዎቹን ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሰንበት ወጥቻለሁ፤ ዳቦም በልቻለሁ። ያን ነገር ግን እሳቸው ዳግም አላነሡትም፤ እኔም ማንሣት ሳልችል ራሔል አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ይዛቸው ሄደች። ፍራሹን በላስቲኩ እንዳለ ሲያወርዱት ያገዝሁት እኔ ነኝ።

አሁንም ስልክ እሠራለሁ። ከሰው ስልክ ላይ አንድ ነገር ጠፋ ሲሉኝ ከመንካቴ በፊት ቤተ ሰዎቹን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የገባኝ አንዱ ነገር ይኸ ነው፤ የጠፋ ሁሉ ተበላሽቶ አይደለም፣ ሰው ለፍቅር ብሎም ይሰውራል። እናንተም ብትሆኑ ጠይቁ። ግን ከዚህ ትምህርት ብዙ አላተረፍሁም። ዐርብ ያደረግሁትን ማንም ይቅር ይለኛል፤ አላወቅሁም ነበርና። ሰንበት ግን አውቅ ነበር። አንዲት እናት ከሸክማቸው እኩሌታውን ሰጥተውኝ፣ «ና» ብለው ጠርተውኝ፣ ጫማቸው ከራሴ በላይ ሲመላለስ እየሰማሁ ተቀመጥሁ።

ከእኔ በር እስከ እሳቸው በር አንድ ፎቅ ብቻ ነበር።